ደጋግሞ የጠራ በሽተኛ

ሰውየው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ዕድሜ ልኩን ሰው ካሰበበት ሲያደርስ ኖሮ በመጨረሻው እሱ ዘንድ የሚደርስ ጠፋ። ከአልጋው ራስጌ በሽቦ የተንጠለጠለ መጥሪያ ነበረው፤ ሲጨንቀው ተጫነው። ነርሷ አልተኛችም፣ አልሰነፈችም፤ ስክሪኑ ላይ የአልጋ ቁጥር አይታ እየሮጠች ሄደች። የሄደችው ግን ሌላ አልጋ ዘንድ ነው። እዚያ የተኛው በሽተኛ እንቅልፉን ይለጥጣል። ብርድ ልብሱን አስተካክላለት ተመለሰች። ሹፌሩን ከመሬት ወድቆ ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ዳሌው ተሰብሮ ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላው ሞተ።

ሆስፒታሉ መጥሪያውን ለሠራው ድርጅት ደወለ። ወሬ እግር አለውና ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ሳይዘጋ ሁሉም ሰምቶ ነበር። ከቢሮው ወጥቶ በሠራተኞቹ ጠረጴዛዎች መሃል ቆመና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«የነርሶቹ ስክሪን የማን ሥራ ነው?»

ሁሉም ወደ መዥገር ዞሩ።

መዥገር ያሏት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። አንዴ ስህተት ላይ ከተጣበቀች ደሙን ሳትመጥ አትላቀቅም፣ ነገሩ እሱ ነው። ለሴት ልጅ የሚወጣ ስም አይደለም፤ እሷ ግን ቅር አላላትም፣ እንዲያውም በልቧ ትኮራበት ነበር። ያን ቀን ግን ያ ሁሉ ዓይን ሲያርፍባት ጆሮዋ ድረስ ጋለች። «የኔ ነው» አለች። ስክሪኑ የሚሠራበትን ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናት፤ ይህን የሚክድ የለም። ስክሪኑ ያሳየው የተሳሳተ አልጋ ነው፤ ይህንንም የሚክድ የለም። የቀረው ሁለቱን አንድ ላይ መስፋት ብቻ ነው፤ ለዚህ ለዚህ ደግሞ ሰው መርፌ አያጣም።

«የሟቹ ልጅ እዚህ ድረስ ልትመጣ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ፊቷ ቀርቦ ‹እኔ ነኝ ያጠፋሁት› የሚል ሰው እፈልጋለሁ። ድርጅቱ አጠፋ ብዬ አልናገርም። ድርጅት አያጠፋም፣ ሰው ነው የሚያጠፋው።»

እንዲህ ያለውን ነገር ሲናገር ያምርበታል። ለሌላው ጉዳይ ሁሉ ግን እሱ ራሱ «ድርጅቱ» ነበር፤ ምስጋና ሲመጣ፣ ሽልማት ሲመጣ።

የፕሮግራም ጸሐፊዎቹ ሁሉ አለቃ የመዥገር አጎት፣ የእናቷ ታላቅ ወንድም ነው። ሌላው ሰው «ኢንጂነር» ይለዋል፤ እሷ «ጋሼ» ትለዋለች። አባቷ በልጅነቷ ሲሞት የትምህርት ቤት ልብሷን ያሰፋላት፣ ኮሌጅ ያስገባት፣ በመጨረሻም እዚህ ሥራ ያስያዛት እሱ ነው። ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ መጻፍንም ያስተማራት እሱ ነው፤ ትምህርት ቤቱም የእናቷ ወጥ ቤት ነበር፣ መማሪያውም የዕቃ ማስቀመጫው መሳቢያ።

«የኮምፒውተር ሜሞሪ ማለት ይኸው ነው» አላት ያኔ፣ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ እየሳበ። «እያንዳንዱ መሳቢያ ቁጥር አለው። ቁጥሩ አድራሻው ነው። ዕቃውን ተሸክመሽ እዚህም እዚያም አትዞሪም፤ ቁጥሩን ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ለሚፈልገው ትሰጪዋለሽ። ያ ብጣሽ ወረቀት ፖይንተር ይባላል። እሱን የያዘ መጥቶ መሳቢያውን ይከፍታል።»

«ዕቃው ከመሳቢያው ወጥቶ ቢሆንስ?»

«ጣጣው እሱ ላይ ነው። ወረቀቱ ምንም አያውቅም፤ ቁጥሩ ያው ቁጥር ነው። መሳቢያው ለሌላ ተሰጥቶ ይሆናል። ማንኪያ ብለሽ ትከፍቺና የአይጥ መርዝ ታወጫለሽ። ስለዚህ መሳቢያ የሚለቅ ሰው አስቀድሞ ወረቀቱን ለያዙት ሁሉ ይናገራል። ሳይናገር የሚለቅ ፕሮግራም ጸሐፊ አይደለም፣ ነፍሰ ገዳይ ነው።»

«ልጄን በማንኪያ አታሳብድብኝ» ብላ እናቷ ሳቀች። እናቷ በወንድሟ ቀልድ ብቻ አይደለም፣ በዝምታውም ትስቅ ነበር። በዚያ ቤት የሱን ያህል የተወደደ ሰው አልነበረም፤ መዥገርም ብትሆን ትወደዋለች፣ ያውም አብዝታ።

ስልኩ ከተደወለ በኋላ መዥገር መጀመሪያ የጠረጠረችው ራሷን ነው። የራሷን ሥራ ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ ደግማ አነበበች። ስክሪኑ ቀላል ሥራ ነው ያለው። አንድ በሽተኛ ሲጠራ ጥሪው ሜሞሪ ውስጥ ቦታ ይሰጠዋል፣ የቦታው አድራሻ ለስክሪኑ ይነገረዋል፣ ስክሪኑ በየቅጽበቱ ወደዚያ አድራሻ ሄዶ የአልጋውን ቁጥር አንብቦ ያሳያል። ነርሷ አልጋው ድረስ ሄዳ «መጥቻለሁ» የሚለውን ቁልፍ እስክትጫን ያ ጥሪ ከቦታው አይነቃነቅም። ይህን ደንብ ያወጣው አጎቷ ነው። በዚህ ደንብ ከሄድን እሷ ዘንድ ምንም ስህተት የለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅም ሰነበተች።

በመጨረሻ ተስፋ ቆርጣ ወደ መሞከሪያው ክፍል ወረደች። እዚያ ያለው ሞካሪው ነው፤ መጥሪያዎቹን ለሆስፒታል ከመሸጣቸው በፊት እየተጫነ የሚፈትሽ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው። እንደ ሆስፒታሉ ሁሉ መጥሪያና ስክሪን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቷል፤ የሌሎቹን አልጋዎች ጥሪ ደግሞ አንድ ትንሽ ኮምፒውተር እየፈጠረ ይልካል። ሞካሪው መጥሪያውን በአውራ ጣቱ አንድ ጊዜ ይጫንና እጁን አንስቶ ይጠብቃል። ቁጥሩ ሲወጣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል።

ትንሽ ቆማ አየችው።

«አንተ ለመሆኑ ታመህ ታውቃለህ?»

«ምነው፣ ከስቼብሽ ነው?»

«አይ፣ አጫጫንህ ነው የገረመኝ። ሰው ቤት በእንግድነት የሄድክ ነው የምትመስለው። አንኳኩተህ እጅህን አጣጥፈህ ትጠብቃለህ።»

«እና በግንባሬ ልግፋው?»

«ተነስ እስቲ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና መጥሪያውን ያዘች። ዓይኗን ጨፈነች። ታምሜያለሁ፣ ወገቤ ተይዟል፣ ትንፋሼ አጥሯል፣ ብቻዬን ነኝ አለች በልቧ። ተጫነች። ማንም አልመጣም። እንደገና ተጫነች። አሁንም ማንም የለም፤ ደጋግማ ተጫነች፣ ተጫነች። ዓይኗን ስትገልጥ ሞካሪው አፉን ከፍቶ ስክሪኑን ያያል። መጥሪያው የአልጋ አሥራ አራት ነው፤ ስክሪኑ ዘጠኝ ይላል።

«እስቲ ቆይ» አለና ሞካሪው ራሱ ሞከረው። አንድ ጊዜ ሲጫን አሥራ አራት። ሲደጋግመው ዘጠኝ፣ አንዳንዴም ሌላ አልጋ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሸሚዙ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጨማዶ ታየ።

«እንግዲያው አንዴ የጠራው ይሰማል፤ ጭንቅ ይዞት ደጋግሞ የጠራው ይጠፋል ማለት ነው?» አላት።

«ማለት ነው።»

«እኔ ደጋግሜ ተጭኜው አላውቅም።» ይህን ያለው ለራሱ ነበር።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀባትም። ከወራት በፊት ነርሶች አቤት ብለው ነበር፤ አንድ ነዝናዛ በሽተኛ መጥሪያውን ሲወቅጠው ስክሪኑ በሱ ቁጥር ብቻ ይሞላል ብለው። «ትንሽ ነገር ናት፣ እኔው እጨርሳታለሁ» ብሎ የተቀበለው አጎቷ ነው። የጨረሳትም እንዲህ ነው፤ ያው አልጋ ደግሞ ሲጠራ የቀድሞው ጥሪ ይጣላል፣ ቦታው ይለቀቃል፣ ለአዲሱ ጥሪ ሌላ ቦታ ይሰጠዋል። ለስክሪኑ ግን አልነገረውም። ስክሪኑ የድሮውን አድራሻ ይዞ ያንኑ መሳቢያ ሲከፍት ይኖራል፤ መሳቢያው ደግሞ በዚያች ቅጽበት ለሚቀጥለው ጠሪ ተሰጥቷል፣ ያን ዕለት በሆስፒታሉ ምናልባት እንቅልፍ ላይ ተገላብጦ መጥሪያውን በክርኑ ለነካው ለዚያ በሽተኛ። አጎቷ የራሱን ደንብ ራሱ አፈረሰ፣ ያፈረሰውንም ለማንም አልተናገረም። የጻፈው ሰው ስም ባይኖርበት እንኳ የሱን አጻጻፍ እንደ እናቷ ድምፅ ትለየዋለች።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ደስ አላት። ሰው ሞቶ ደስ አላት። የኔ አይደለም፣ የኔ አይደለም እያለች ደረጃውን ግማሽ ድረስ ወጣች፤ ከዚያ የማን እንደሆነ ትዝ ሲላት እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

የዚያኑ ዕለት አጎቷ ቢሮ ገብታ በሩን ዘጋች። አጎቷ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሰማት። ነገሩን ግማሽ ሳታደርስ ገብቶታል፤ ከፊቱ ታውቃለች። ጥሩ አናጺ የተጣመመ እግር ለማየት ወንበሩ ላይ እስኪቀመጥ አይጠብቅም።

«ለማን ተናገርሽ?» አላት ስትጨርስ።

«ለማንም። ሞካሪው ብቻ ነው ያየው።»

«ሞካሪው አይናገርም። የሱም ጣጣ አለበት።»

ይህ መልስ ትንሽ ጎረበጣት። ይሁን እንጂ የደነገጠ ሰው የሚናገረውን አያውቅም ብላ አለፈችው።

«ጋሼ፣ ሌሎች ሆስፒታሎችም እኮ አሉ።»

«ዛሬውኑ አስተካክዬ እልክላቸዋለሁ፣ እሱን ለኔ ተዪው። ስብሰባው ሰኞ ነው፤ እኔው እናገራለሁ። አንቺ ምንም አትበዪ፣ ከኔ አፍ ሲወጣ ይሻላል።»

«አይዞዎት» አለችው። ልትስመው ፈልጋ ነበር፤ ሥራ ቦታ ነው ብላ ተወችው።

የላከውስ ልኮታል፤ ይህን አይክዱትም። በማግስቱ በየሆስፒታሉ ያሉት መጥሪያዎች ሁሉ ተስተካከሉ።

ሰኞ በስብሰባው ላይ አጎቷ ተነስቶ ተናገረ። ንግግር ይችልበታል። ስህተቱ ተገኝቷል፣ ተስተካክሏልም አለ። ማን አገኘው፣ ማን አስተካከለው የሚለውን ሰሚው እንደፈለገ እንዲሞላው ባዶ ተወው፤ ሰሚውም እንደሚገባ ሞላው። «ስክሪኑ የተለቀቀ አድራሻ ይዞ ሲያነብ ነበር» ብሎ ቀጠለ። ቃል በቃል እውነት ነው። የለቀቀው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም፤ ሥራ አስኪያጁ አድራሻ የሚያውቀው ፖስታ ላይ ያለውን ነው። ሞካሪው ጫማውን ያያል። «ባለሙያዋ ገና ወጣት ናት» አለ አጎቷ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በቅርብ ባለመከታተሌ ጥፋቱ የኔም ነው። የእህቴ ልጅ ናት ብዬ ግን አላዳላም።»

ይኼኔ አንዳንዶች ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው ብለው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ድሮም አለ፤ እየለከኩ መመስገን ግን ልዩ ችሎታ ይጠይቃል።

«ጋሼ» አለች መዥገር።

«በኋላ፣ ልጄ» አላት።

ልትጮህ ትችል ነበር። ሞካሪውን አስነስታ፣ ሁሉንም ወደ ታች ወስዳ በዓይናቸው ልታሳያቸው ትችል ነበር። ግን ያሳደጋትን ሰው በሠላሳ ሰው ፊት ውሸታም ማለት እንዴት እንደሚጀመር አታውቅም፤ አፏን ማን አስተምሮት። ደግሞም ተስፋ አድርጋ ነበር። በኋላ ሲላት በኋላ የሚባል ነገር ያለ መስሏት ነበር። ሥራ አስኪያጁ ነገ ጠዋት የሟቹ ልጅ ስለምትመጣ እንድትዘጋጅ፣ ከዚያም ዕቃዋን እንድትሰበስብ ነገራት። አጎቷ ስብሰባው እንዳለቀ ቀድሞ ወጥቶ ሄደ።

ቤት ስትደርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። እናቷ መስኮቱ ሥር ቆማ ነጭ ሸሚዝ ትተኩሳለች። መዥገር ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ መጥሪያውን፣ ዘጠኝን፣ አሥራ አራትን፣ ስብሰባውን። እናቷ ካውያውን አላቆመችም። የኮሌታውን ጫፍ በጣቷ እያቃናች፣ ውሃ እየረጨች ትሰማለች። አንድም ጊዜ «ምን አልሽ?» አላለችም፤ አልደነገጠችም፣ አልጠየቀችም። መዥገር ስትናገር ቆየችና ሸሚዙን አየችው።

«ይሄ የማን ነው?»

«የወንድሜ ነዋ። ለነገ የሚለብሰው።»

«መቼ አመጣው?»

እናቷ ካውያውን አቆመች።

«እሁድ መጥቶ ነበር» አለች። «አንቺ ገበያ ሄደሽ ነው። እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ጡረታው ደርሷል። ዕድሜ ልኩን የገነባው ስም ነው። ‹ምን ላድርግ፣ አንቺ ንገሪኝ› አለኝ። ምን ልበለው?»

«ምን አልሽው?»

«እሷ ትችለዋለች አልኩት። ልጅ ናት፣ ሌላ ሥራ ታገኛለች አልኩት። አንቺን ለዚህ ያበቃሽ ማን ሆነና ነው?» እናቷ አሁን ተቆጣች፤ ጥፋተኛ ሲሆኑ መቆጣት ቀላል ነው። «ጫማሽን ማን ገዛልሽ? ማን ትምህርት ቤት አመላለሰሽ? እኔ ቃል ሰጥቼዋለሁ። ቃሌን አታስበዪኝ።»

«ሳትጠይቂኝ?»

«ብጠይቅሽ እሺ ትዪኝ ነበር?»

መዥገር አሰበች። ለመበቀል ሳይሆን፣ እውነቱን ለማወቅ አሰበች። አጎቷ በሩን ዘግቶ «ልጄ፣ አልቻልኩም፣ አንቺ ተሸከሚልኝ» ብሏት ቢሆንስ? እናቷ እጇን ይዛ ብትለምናትስ?

«እሺ እል ነበር» አለች።

እናቷ ሸሚዙን መስቀያ ላይ አድርጋ ቁልፎቹን ከላይ እስከ ታች ቆለፈች። መዥገር ክፍሏ ገብታ ለብቻዋ አለቀሰች፤ ሲወጣላት ግን ልቧ ቆርጦ ነበር። ሳይጠይቋት ሰጧት፤ እሷም ሳትጠይቃቸው ትናገራለች። ነገ በሟቹ ልጅ ፊት፣ በሥራ አስኪያጁ ፊት፣ በዚያ በተተኮሰ ሸሚዝ ፊት።

በማግስቱ ከሁሉ ቀድማ ደረሰች። ከመሞከሪያው ክፍል መጥሪያውን፣ ስክሪኑን፣ የሌሎቹን አልጋዎች ጥሪ የሚፈጥረውን ትንሽ ኮምፒውተር አንድ ላይ አቅፋ ወደ ስብሰባው አዳራሽ ወጣች። ያልተስተካከለውን፣ የድሮውን ፕሮግራም መልሳ ጫነችበት። ቃል መደርደር አያስፈልጋትም። አንዴ ተጫኑት ትላቸዋለች፤ ከዚያ ደጋግማችሁ ተጫኑት ትላቸዋለች። ከዚያ ይህን ያደረገው ማን እንደሆነ አጎቷን ትጠይቀዋለች፣ እዚያው።

አጎቷ ሲገባ ጠረጴዛውን አይቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ለእንግዳዋ ላሳያት ብዬ ነው።»

«ጥሩ አደረግሽ» አለ ሥራ አስኪያጁ ከኋላው፤ «ነገር በተግባር ሲታይ ያረካል።» አጎቷ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሸሚዙ በላብ ረጠበ።

የሟቹ ልጅ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፤ ጎልማሳ፣ ጥቁር ሹራብ የለበሰች፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ የያዘች። ሥራ አስኪያጁ የተዘጋጀበትን ንግግር ጨርሶ በመጨረሻ «ያጠፋችው ይህቺ ናት» ሲል ቀና ብላ መዥገርን አየቻት።

«ልጅ ነሽ እኮ» አለቻት። ቁጣ የለበትም። የደከመው ሰው ድምፅ ነው።

«መጀመሪያ እንዴት እንደሆነ ላሳይዎት» አለች መዥገር፣ መጥሪያውን ወደሷ እየገፋች።

ሴትዮዋ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ መጥሪያውን አነሳችው። ገለበጠችው፣ ሽቦውን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ይሄ ነው? በእጁ የነበረው?»

«ተመሳሳዩ ነው።»

«አጠቃቀሙን ያሳየሁት እኔ ነኝ» አለች ሴትዮዋ። «አባቴ ሰው ማስቸገር አይወድም። ውሃ ጥሙን እንኳ ችሎ ይተኛ ነበር። ስለዚህ እጁን ያዝኩና አለማመድኩት። ‹አባዬ፣ ካልመጡ ደጋግመህ ተጫን። ክላክስ ላይ እንደምታደርገው አድርግ። እስኪመጡ እንዳትተው› አልኩት። ሳቀ። እሺ አለኝ።» አውራ ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈችው። «አሁን እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። ምናልባት አፍሮ አንዴ ብቻ ተጭኖ ትቶት ይሆን እላለሁ። የነገርኩትን አድርጎ፣ ደጋግሞ ተጭኖ ቢሆን ይሰሙት ነበር። አይደለም?»

ተጫነችው። ስክሪኑ ላይ አሥራ አራት ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ወደፊት ጎንበስ አለ። አጎቷ ዓይኑን ጨፈነ። ሴትዮዋ ጣቷን አነሳች፤ መልስ እየጠበቀች፣ ደግማ ልትጫነው።

መዥገር ሽቦውን ከሶኬቱ ነቀለችው። ስክሪኑ ጠፋ።

«ለውጥ አያመጣም ነበር» አለች። ድምፅዋ የሷ አልመስል አላት። «አንዴም ይጫኑት፣ አሥር ጊዜም ይጫኑት፣ ያው ነው። የእርስዎ ምክር ምንም አላበላሸም። ስክሪኑ ነው የተሳሳተ አልጋ ያሳየው። ስክሪኑን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ደጋግሞ ቢጫንም?»

«ቢጫንም።»

ሴትዮዋ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ከዚያ ፊቷ ሲለወጥ መዥገር አየችው። እስካሁን ቁጣዋን በገዛ ራሷ ላይ አስራው ነበር፤ አሁን ሲፈታ የሚሄድበት አገኘ።

«እንግዲያው አንቺ ነሽ» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«ይቅር አልልሽም። ይቅር በዪ እንዳትዪኝ።»

«አልልዎትም» አለች መዥገር።

ሴትዮዋ መጥሪያውን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ፣ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ሥራ አስኪያጁ እስከ ሊፍቱ ሊሸኛት ተከተላት። መዥገርም ዕቃዋን ልትሰበስብ ስትወጣ አጎቷ ኮሪደሩ ላይ ደረሰባት። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ የምር እንባ ነው። ትከሻዋን ያዘ።

«አውቄ ነበር» አላት። «እንደማታዋርጂኝ አውቄ ነበር፣ ልጄ። ሥጋ ሥጋ ነው።»

«ለእርስዎ ብዬ አይደለም፣ ጋሼ።»

«ገብቶኛል፣ ገብቶኛል» አለ ትከሻዋን መታ መታ እያደረገ። አልገባውም። ለማስረዳት ደግሞ ሴትዮዋ አባቷን በምን ምክር እንደሸኘችው መናገር ሊኖርባት ነው፤ ከተናገረች ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና አንድ ቀን ያቺ ሴት ጆሮ ይደርሳል። ስለዚህ ለአጎቷም፣ ለእናቷም፣ ለሞካሪውም፣ ለማንም፣ መቼም አትናገርም።

ቢሮው ሳይደርስ ለእህቱ ደወለላት። «ኮራሁባት» ሲላት መዥገር ከኮሪደሩ ማዶ ሰማችው።

ማታ ቤት ስትገባ እናቷ በሩ ላይ ጠበቀቻት። የምትወደውን ሠርታ፣ ጠረጴዛውን አሰናድታ፣ ፊቷ በርቶ። «አላሳፈርሽኝም፣ የኔ ልጅ፣ ቃሌን ጠበቅሽልኝ» ብላ ጥብቅ አድርጋ አቀፈቻት፣ ደጋግማ ሳመቻት። መዥገር እጇን አላነሳችም። እናቷ እስክትለቃት ቆማ ጠበቀች።